ነውር የሌለው ፈረስ

የጋሽ ጂግሶን ሞት የነገረኝ ሞንታርቦ ሊከራይ የደወለ ሰው ነው። ሰርግ መስሎኝ «ቦታው የት ነው? መብራት አለ ወይስ ጄኔሬተር ይምጣ?» እያልኩ እንደ ልማዴ ስጠይቅ ቆየሁ። ደዋዩ የፈረስ ስፖርት ኮሚቴው ጸሐፊ ነበር። «ቀብር ነው፣ ቡሌ ላይ» አለኝ። «ድምፁ ጥርት ያለ ይሁን፤ ሰብሳቢያችን ንግግር ያደርጋሉ።» የማን ቀብር እንደሆነ ስጠይቀው «የጋሽ ጂግሶ» አለና ትንፋሽ ሳይወስድ ስለ ማይክ ማቆሚያው ቀጠለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

አልቅሼ ሲወጣልኝ መልሼ ደወልኩለት። እንደምመጣ፣ የምመጣው ግን እነሱ ስላዘዙኝ እንዳልሆነ ነገርኩት። አልገባውም። እንዲገባውም አልጠበቅሁም።

ዲላ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አከራይቼ ነው የምኖረው። ከሰርግ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ለቅሶ ሞንታርቦ ሳመላልስ የዚህን አገር ንግግር ያልሰማሁት የለም። ሰምቼ ሰምቼ አንገፍግፎኛል። ማይክ የጨበጠ ሰው ሁሉ ሊዋሽ የተዘጋጀ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳትኩም። በዚህ ሁሉ ዘመን ማይክ ጨብጦ በራሱ ላይ ሲመሰክር የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም ጋሽ ጂግሶ ናቸው። ምን እንዳደረጓቸውም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ቡሌ፣ ፈረስ የሚሮጥበት ሜዳ ላይ ነው። ቡሌን ለማያውቅ፣ ከዲላ ሽቅብ ሲወጣ ቡናው አልቆ ቀርከሃው ሲጀምር፣ የከተማ ሰው ጃኬት ፍለጋ ቦርሳውን ሲበረብር፣ ያኔ ቡሌ ተደረሰ ማለት ነው። ያን ጠዋት ጉሙ ከሜዳው ገና አልተነሳም ነበር። ዕቃዬን ሳወርድ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ያደረጉ፣ ካኪ የዝናብ ካፖርት የለበሱ አጭር ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡና ከፊቴ ቆሙ።

«ጂግሶ እባላለሁ» አሉኝ። «ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነኝ። እዚህ ዳኛ ነኝ። ቶሎ እናደዳለሁ። የተዋስኩትን መጽሐፍ አልመልስም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በድንበር ተጣልተን አንነጋገርም፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኛል፣ ግን እስካሁን አልነገርኩትም። አንቺስ?»

«ማርታ እባላለሁ።»

«ስምሽን ማን ጠየቀሽ? ነውርሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ቆመው ጠበቁኝ፤ እውነትም መልስ ይፈልጋሉ። ግራ ሲገባኝ «ድምፅ ከልክ በላይ እጨምራለሁ፤ ደንበኞች ይሰድቡኛል» አልኳቸው።

«ደህና» አሉ። «እንግዲያው ከፈረሶቹ ራቅ ብለሽ ትተክይዋለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን አንድም ቀን ጠርተውት አያውቁም። «አንቺ ሞንታርቦ» ነበር የሚሉኝ፤ ገበያ መሃልም፣ ቸርች በር ላይም። ኪሳቸው የገብስ ቆሎ አይጠፋውም፤ ለሰው ግን አያቀምሱም። ስስታም መሆናቸውንም የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ቆሎውን እየቆረጠሙ።

ይህ ነውር የመናገር ነገር የእሳቸው ፈጠራ አልነበረም። የሜዳው ወግ ነው። ውድድር ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ባለፈረስ ልጓሙን ይዞ ወደ መሃል ይወጣል፤ በሕዝብ ፊት የፈረሱን ነውር ይናገራል። «ቀኝ ዓይኑ አያይም፤ በዚያ በኩል ድንገት እንዳትመጡበት።» «ይቺ ቦራ ትራገጣለች፤ ከኋላዋ አትጠጉ።» «የእኔ ፈረስ ውሃ ካየ ይቆማል፤ ብትገድሉትም አይሻገርም።» ሕዝቡ ይስቃል፣ ጋላቢዎቹ ግን ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ፤ ጎን ለጎን ሽምጥ የሚጋልቡት እነሱ ናቸዋ። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ዳኛው «ተረኛ!» ይላሉ። ነውር ደብቆ ሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ፈረሱ ሁለተኛ ያን ሜዳ አይረግጥም።

መጀመሪያ የሚናገሩት ደግሞ ዳኛው ራሳቸው ናቸው። ጋሽ ጂግሶ በየዓመቱ መሃል ሜዳ ቆመው «የዳኛው ነውር» ብለው ይጀምራሉ። «ከሩቅ ቀዩንና ዳማውን መለየት አቅቶኛል። አንገታቸው ላይ ጨርቅ እሰሩልኝ። ባለፈው የሸረፋን ፈረስ ሦስተኛ ያልኩት ተሳስቼ ነው።» ታላቅ ሰው ከጀመረ ታናሹ ዝም ማለት አይችልም። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያስገድድም፤ ተራው ሲደርስ ሁሉም ይናገራል። ጋሽ ጂግሶ ያደጉት በዚህ ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያድግ ይመስላቸው ነበር።

«ነውር የሌለው ፈረስ የለም» ይሉኝ ነበር። «ፈረሴ ነውር የለበትም የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ፣ ነውሩ እሱ ጋ ነው።»

ፈረሱ ግን እያለቀ ነበር። የቡሌ ጎረምሳ ሞተር ሳይክል ገዛ። ደህና ደህናው ፈረስ ለጋሪ ተሽጦ ዲላ ወረደ። ዲላ ላይ ባጃጅ መጣና ጋሪውን ከሥራ አስወጣው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ያስጠላኛል። ጉልበቱን ጨርሰው የጠገቡትን ፈረስ ባለቤቶቹ አስፋልት ዳር ለቀቁት። ጀርባው ቆስሎ፣ ዝንብ ወሮት፣ መኪና እስኪገጨው ድረስ እዚያው ይቆማል። ሕዝበ ክርስቲያኑ ጃንጥላውን ዘርግቶ በአጠገቡ ወደየቤተ ክርስቲያኑ ያልፋል።

ኮሚቴው የተቋቋመው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። ፈረሱ ባነሰ ቁጥር ኮሚቴው ወፈረ። ሰብሳቢ አለው፣ ምክትል አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ማኅተም አለው፤ ፈረስ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለውም። ሩጫውንም ሩጫ ማለት ትተው «ዘርፉ» ይሉት ጀመር። «ዘርፉ እያደገ ነው» ሲሉ በእኔው ሞንታርቦ ስንት ጊዜ ሰማሁ! ቲሸርት ያሳትማሉ፣ ባነር ይሰቅላሉ፣ በሬ ይጥላሉ። ጋላቢው አንድ ለስላሳና አንድ ቲሸርት ይደርሰዋል። ለፈረሱ ውሃ የሚያመጣ አይታሰብም።

«ስለ ፈረስ ሩጫ ማወቅ ከፈለግሽ ሜዳ አትምጪ፣ አዳራሽ ግቢ» አሉኝ አንድ ቀን ጋሽ ጂግሶ። «የሚሮጠው እዚያ ነው።»

ለምን ትተዋቸው አይሄዱም ብላቸው ተናደዱ። ሜዳው የወል መሬት ነበር። ፈረስ ስለሚሮጥበት ብቻ ነው ማንም ያልነካው። ሩጫው የቀረ ቀን አጥር እንደሚመጣበት ያውቃሉ። «እኔ ኮሚቴውን አይደለም የማገለግለው» አሉኝ። «ሣሩን ነው።»

የመጨረሻው ውድድር ቡና ተለቅሞ ባለቀበት በአንድ በጋ ነው። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አቶ ብዙነህ የሚባል የይርጋጨፌ ቡና ነጋዴ ሽልማቱንም ድግሱንም እችላለሁ አለ፤ አንድ ፈረስም አስገባ። ከሩቅ አገር በአይሱዙ የተጫነ፣ ቁመቱ የሚያስፈራ ነጭ አምባላይ። የቡሌ ፈረሶች ከጎኑ ውርንጭላ መሰሉ። እንዲጋልበው የተቀጠረው ታሪኩ የሚባል፣ ባጃጅ ከሥራ ያስወጣው የዲላ ጋሪ ነጂ ነበር። የልጆች አባት ነው፤ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው።

በጠዋት ይመጣሉ የተባሉት እንግዶች የመጡት ፀሐይ ካናት ካለፈች በኋላ ነው። ፈረሶቹ እንደተጫኑ ውሃ ሳይቀምሱ ቆዩ። እንግዶቹ ሲቀመጡ ጋሽ ጂግሶ ወደ መሃል ለመውጣት ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ሰብሳቢው ክንዳቸውን ያዘ።

«ጋሽ ጂግሶ፣ ይሄ የነውር ነገር ዛሬ ይቅርብን» አለ። «ፕሮግራሙ ተጨናንቋል። ደግሞም እንግዳ ፊት ነውር መዘርዘር ለገጽታ ግንባታ አይመችም።»

«ፈረሶቹ ዛሬ ነውር የላቸውም ማለት ነው?»

«የላቸውም በቃ! ምን ችግር አለው?»

ፈረሶቹ ወደ መነሻው ሲሄዱ ታሪኩ ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ ለጋሽ ጂግሶ የሆነ ነገር ሲያንሾካሽክ አየሁ። ያኔ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሽማግሌው ሰብሳቢው ጋ ተመለሱ። ሰብሳቢው እንግዶቹን አሳያቸው፣ ከዚያ በጣቱ ሜዳውን ዙሪያውን ጠቆመ። ጋሽ ጂግሶ ሜዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀስ እያሉ ወደ መነሻው ሄዱና ባንዲራውን አነሱ።

ባንዲራው ሲወርድ ፈረስ ይለቀቃል። እሳቸው ግን አንስተው ቆሙ። ጥቁር መነጽር ያደረገው የኮሚቴው አስተዋዋቂ «እየተጠበቀ ነው!» እያለ ይጮሃል። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ከዚያ ባንዲራው ወረደ።

ነጩ ፈረስ ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ። ሕዝቡ ጮኸ፣ አቶ ብዙነህ ወንበሩ ላይ ቆመ። ከቀርከሃው አጠገብ ሜዳው የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ የፊት እግሩ ከሥሩ ከዳው። ታሪኩን ከሥር አድርጎ ተገለበጠ። ከኋላ የመጡት በተአምር ነው ያልረገጧቸው።

«ክቡራን እንግዶቻችን!» አለ አስተዋዋቂው። «ጥቃቅን እንከኖች ቢያጋጥሙም ውድድሩ በደመቀ ሁኔታ ቀጥሏል!» በእኔው ሞንታርቦ! ገመዱን ከሶኬቱ ነቅዬ ጣልኩት።

ታሪኩን ቲሸርት ጭና በመጣች ፒካፕ ዲላ ወሰዱት። ፈረሱ ግን እዚያው ቀረ። ለመነሳት ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ፖሊሱ ጠመንጃ ነበረው፤ ጥይት ለመተኮስ ደግሞ የአለቃው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አለቃው ድንኳን ውስጥ ከእንግዶቹ ጋር ሥጋ እየቆረጠ ነበር። «ይጨርሱ፣ እነግራቸዋለሁ» ይላል ፖሊሱ። እኔ ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፤ ማን ሊሰማኝ! ቢላዋው ከሰሐኑ ጋር ሲጋጭ፣ ሳቁ፣ ምርቃቱ እስከ ሜዳው ይሰማል። ጋሽ ጂግሶ ካፖርታቸውን አውልቀው የፈረሱን ዓይን ሸፈኑለት። በሸሚዝ፣ ጭቃው ላይ፣ ራሱን ይዘው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሰው በልቶ ጠግቦ እጁን ከታጠበ በኋላ ነው ጥይቷ የተፈቀደችው። ካፖርቱን ከዚያ በኋላ ለብሰውት አያውቁም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዲላ፣ አዳራሽ ውስጥ ግምገማ ተጠራ። ማይክ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ኮሚቴው በሙሉ ተቀምጧል፣ አቶ ብዙነህም ከፊት አለ። ሰብሳቢው «የአፈጻጸም ክፍተቶች» እያለ ሲጀምር ጋሽ ጂግሶ ተነሱ። «አንቺ ሞንታርቦ፣ ማይኩን ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው።

«የዳኛው ነውር» አሉ፤ ልክ ሜዳ ላይ እንደሚያደርጉት ቀጥ ብለው ቆመው። «ፈረሱ እግሩ አብጦ እንደነበረ፣ እንዳይሰማው መርፌ እንደወጉት ታሪኩ ነግሮኛል። ሰምቻለሁ። ሰብሳቢውም ጋ ሄጄ ተናግሬአለሁ። ዛሬ ካልተሮጠ ሜዳው ለኢንቨስተር ይሰጣል ሲለኝ ፈራሁ። ለሣር ብዬ ሰው ሰበርኩ። ባንዲራውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ይህ የእኔ ነው።» ከዚያ ወደ ፊተኛው ወንበር እያዩ «ተረኛ!» አሉ።

ማይኩን ዘርግተው ቆሙ። እውነቴን ነው፣ በእርግጠኝነት ነበር የሚጠብቁት። መርፌውን ያስወጋው ይነሳል፣ ነውር መናገሩን ያስቀረው ይነሳል፣ ጥይቷን የከለከለው ይነሳል። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው አንዱ የሚጨማድደው የውሃ ፕላስቲክ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ጂግሶ ላደረጉት ድፍረት የተሞላበት ግለ ሂስ እናመሰግናለን» አለ። «እንግዲህ ችግሩ የት ጋ እንደነበረ ተለይቷል። ከዳኝነት እንዲነሱ፣ በጭብጨባ!»

አጨበጨቡ። አቶ ብዙነህም አጨበጨበ። እሱ በዚያው ዕለት ለዘርፉ ላደረገው አስተዋጽኦ ሰርተፍኬት ተሰጠው። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም።

በር ላይ ጋሽ ጂግሶ ጠበቁኝ። «ሞንታርቦ፣ ድምፁ አልተሰማም እንዴ?» አሉኝ።

«በደንብ ተሰምቷል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልተነሱም?»

ፀጉራቸው የሸበተ ሰው እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ስብሰባ ሲጠሩ ሜዳ የተጠሩ መስሏቸው ነበር። እኛ ከተማ ነውሩን የተናገረ ሰው የሌላውንም ተሸክሞ እንደሚሄድ ማንም አልነገራቸውም።

ሜዳውም አልተረፈም። ክረምቱ ሳይገባ ዙሪያው ቆርቆሮ ታጠረበት። ኮሚቴው ግን አለ። እስከ ዛሬ አለ! ሪፖርት ያቀርባል፣ ልምድ ልውውጥ ይሄዳል። የሚሮጥ ፈረስ ማየት የፈለገ ሰው ዲላ ቤቲንግ ቤት ይግባ፤ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሮጣሉ። ተማሪው፣ ቀን ሠራተኛው አንገቱን አስግጎ ያፈጣል።

ጋሽ ጂግሶ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ሲያልፉ ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት። «የቱ ነው የሚራገጠው?» ብለው ጠየቁ።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ሶፍትዌር ነው» አላቸው ትኬት የሚቆርጠው ወጣት። «አይራገጥም፣ አይታመምም፣ ምንም ፕሮብሌም የለውም።»

«ነውር የለውም?»

«ዜሮ!»

ወደ ተሰበሰበው ጎረምሳ ዞሩ። «ኑ ውጡ፤ እየበሏችሁ ነው» አሏቸው። ሳቁባቸው። አንዱ ስክሪኑን እንዳይከልሉት በክንዱ ገፋ አደረጋቸው። እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው፤ ክንዳቸው በሸሚዙ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።

ታሪኩ ዳሌው ተሰብሮ በክራንች ቀረ። ጋሽ ጂግሶ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቆጮ ይዘው ቤቱ ይሄዱ ነበር። መጀመሪያ ጊዜ ታሪኩ በሩን አልከፈተላቸውም። ሁለተኛም አልከፈተም። እሳቸው ከበሩ ውጭ ቆመው በቆርቆሮው በኩል ነውራቸውን ተናግረው ይመለሳሉ። ጎረቤት ይሰማል። በኋላ በሩ ተከፈተ። ለእኔ ደግሞ አንድ ቅዳሜ እኚያ ስስታም ሰው ለታሪኩ ልጆች ከኪሳቸው ቆሎ ሲያፍሱላቸው ማየት ብርቅ ሆነብኝ።

«ጋሼ፣ አንተን ይቅር ብያለሁ፤ ሰለቸኝ በቃ» አላቸው ታሪኩ በዚያው ቀን።

«አንተ ይቅር ብትልም ተራው አላለቀም» አሉት። «ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልተናገረም። ነገር መሃል ላይ አይተውም።»

ይርጋጨፌ ድረስ በአውቶቡስ ወርደው የአቶ ብዙነህ ቡና ማጠቢያ በር ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው ምን ፈልገው እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ምንም፤ ተራው መሆኑን ንገርልኝ» አሉት። አቶ ብዙነህ በሌላ በር ወጣ። ሰብሳቢው ቢሮም ደጋግመው ሄዱ፤ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ሳንባቸው እየደከመ መጣ። በመጨረሻ አልጋ ላይ ሆነው እኔንና ታሪኩን አስጠሩን። ታናሽ ወንድማቸው ግርጌያቸው ተቀምጦ ነበር፤ የድንበሩን ጥፋት ነግረውታል ማለት ነው።

«ቀብሬ ላይ መምጣታቸው አይቀርም» አሉ በሚቆራረጥ ድምፅ። «ያመሰግኑኛል። እነሱ ሲጨርሱ ነውሬን ተናገሩልኝ። እንደ ሜዳው ወግ አድርጉት።»

መጡም። ቡሌ፣ ቸርቿ ግቢ ውስጥ፣ የሜዳው ቆርቆሮ አጥር ከሚታይበት ዳገት ላይ ነው የተቀበሩት። ሰብሳቢው ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ እየረገጠ ደረሰ። አቶ ብዙነህም ከጎኑ ነበር። ከፊት ተቀመጡ። ሰብሳቢው ማይኩን ጨበጠና ጀመረ። «የዘርፉ አባት» አላቸው። «በዕድሜ መግፋት ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ከዳኝነት የተሰናበቱ» አላቸው። «እስከ ዕለተ ሞታቸው ከኮሚቴያችን ጎን ያልተለዩ» አላቸው። ሬሳው ፊት ለፊቱ ነው! ጥርሴን ነክሼ እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

ሲጨርስ ማይኩን ከእጁ ተቀብዬ በክራንች ለቆመው ለታሪኩ ሰጠሁት።

«የጋሽ ጂግሶን ነውር እኔ ነኝ የምናገረው» አለ ታሪኩ። «መርፌውን ነግሬዋለሁ። ሰምቶ ባንዲራውን አወረደ። እኔ እንዲህ የሆንኩት በእሱ ነው። ደብቆኝ አያውቅም። ይቅር ብዬዋለሁ።» ዕንባውን በትከሻው ጠረገ። «የራሴም አለ። ፈረሱ እንደታመመ እያወቅሁ ለእንጀራ ብዬ ወጣሁበት። ተረኛ!»

ከኋላ አንድ ብርድ ልብስ የደረቡ ሽማግሌ፣ ሸረፋ የሚባሉት የድሮ ባለፈረስ፣ እየገፉ መጥተው ማይኩን ለመኑ። «የእኔ ፈረስ ያን ቀን ያስለው ነበር» አሉ። «አትናገሩ ሲሉን ደስ አለኝ፣ ዝም አልኩ። ተረኛ!» ከእሳቸው ቀጥሎ ፖሊሱ መጣ፤ ያው ፖሊስ፣ አሁን ሲቪል ለብሶ። «ጥይቱ በእጄ ነበር፤ አለቃዬን ፈራሁ» አለ። ከዚያ ሜዳው በቆርቆሮ ሲታጠር በቀን ሥራ የገቡት፣ ከዚያ ያን ዕለት ሥጋውን የቆረጠው ባለ ቢላዋ ተናገሩ። ማንም አልጠራቸውም፤ ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እያንዳንዱ «ተረኛ!» ሲል ሕዝቡ እየዞረ የሚያየው ወደ ፊተኛው ወንበር ነበር።

ማይኩ ወደ እኔ ተመለሰ። ወስጄ ለሰብሳቢው ዘረጋሁለት። ራሱን ነቀነቀ። ለአቶ ብዙነህ ዘረጋሁለት። ስልኩን አወጣና አቀረቀረ። አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም፤ ተነስተው እንዳይሄዱም ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሟል። እንግዲያው ብዬ ማይኩን ሁለቱ መሃል፣ የሰብሳቢው ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። አልዘጋሁትም።

ትንፋሻቸው መሰማት ጀመረ። አንደኛው በአፍንጫው፣ ሌላው በአፉ ይተነፍሳል። ምራቅ ሲዋጥ ይሰማል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል። ወደ ዕቃዬ ተመለስኩ። ነውሬን እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ለጋሽ ጂግሶ ነግሬያቸዋለሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።